ባሕር ሲሸሽ በእናቴ ቦታ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ማለቂያ ላይ ነው። አደጋ አልደረሰም፤ ለሰው ሲያወሩት ትንሽ ነገር ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን የቀረች አንዲት ፎቶ ስልኬ ላይ ስላለች አልረሳውም። ሱቄን ዘግቼ ክፍሌ ስገባ ብዙ ጊዜ እሷን አያታለሁ።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። የተማሪዎችን ላፕቶፕና ስልክ እጠግናለሁ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁትም፤ የተበላሸ እየገዛሁ፣ እየፈታሁ፣ መልሼ እየገጠምሁ ነው የለመድሁት። ቀኑን ሙሉ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ የሚያወራኝ ግን ስለ ስክሪኑና ስለ ባትሪው ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ደግሞ እሱም ይቀራል።

ሳሙኤልና ሕሊና አዲስ አበባ ስሠራ ያፈራኋቸው ጓደኞቼ ናቸው። ሳሙኤል አንድ ጠረጴዛ ላይ አብሮኝ ይጠግን ነበር፤ ሕሊና እጮኛው ናት። ወደ ጎንደር ከተመለስሁ ጀምሮ እንመጣለን እያሉ ቆይተው፣ አገሩ ደህና ነው በተባለበት ሳምንት በአውሮፕላን መጡ። ያረፉት ፔንሲዮን ነው። እኔ ግን ይመጡ ይሆናል ብዬ ክፍሌን አጽድቼ፣ ከአከራዬ ሁለት ወንበር ተውሼ አስቀምጬ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ግንቡን አሳየኋቸው። የትኛው ግድግዳ የጥንቱ እንደሆነ፣ የትኛው በኋላ እንደተጠገነ በኖራው ቀለም መለየት ስለምችል አንድ በአንድ እየነካሁ ነገርኋቸው። ሳሙኤል ትንሽ ታገሠና፣ ድንጋይ በድንጋይ የማስጎበኛቸው ከሆነ ምሳውን ከወዲሁ እንዘዝ አለ። ሕሊና ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "የአንተ አገርስ? ያ ስታወራልን የነበረው ባሕር?" አለችኝ።

እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ሳለን አውርቼላቸዋለሁ። እኔ ያደግሁት ከቆላ ድባ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። ሐይቅ አንለውም፤ ባሕር ነው የምንለው። ሌላ ብዙ የምናገረው ነገር ስለሌለኝ ወሬ ሲጠፋ የማወራው ስለዚያ ነበር።

ወዲያው እሺ አላልሁም። አባቴ በልጅነቴ ሞቷል። እናቴ ከሞተች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ወንድምም እህትም የለኝም። ከተዝካሯ በኋላ ወደዚያ አልሄድሁም። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው። ቢከፈትስ ማን ዘንድ እሄዳለሁ? ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን ሌላ ነው። ጓደኞቼ ፊት፣ በገዛ አገሬ፣ አንተ ማን ነህ እንዳልባል ነበር።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተኮናትረን ወረድን። ሹፌሩ ገና ሳንነሣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል መኪናውን አስነሥቶ እንደሚመለስ፣ የሚቀር ካለ እንደሚቀር ነገረን። በዚያ መንገድ የሚያመሽ ሹፌር ስለሌለ አልተከራከርነውም። ቆላ ድባን አልፈን ጥርጊያውን ስንይዝ ጤፉ በግራና በቀኝ ቢጫ እያለ ነበር። አደይ አበባው ረግፎ በየቦዩ ዳር ጥቂት ጥቂት ብቻ ቀርቶ ነበር።

ባሕሩ ሲታየን ሕሊና መኪናውን አስቆመች። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ በላዩ ሐምራዊ አበባ ተዘርግቶበት ነበር። እንዴት ያምራል ብላ ደጋግማ ፎቶ አነሣች። አበባው እንቦጭ ነው፤ ዓሣ አጥማጁንም ከብቱንም ያስመረረ አረም። ልነግራት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ደስ ብሏት ነበር።

መንደሩ ስንደርስ ቤታችንን ፈለግሁት። ግድግዳው በክረምቱ ዝናብ ተንዷል፤ የቀረው የጓሮው ብሳና ነው። ለጓደኞቼ በጣቴ አሳየኋቸው። ምን ማለት እንዳለባቸው ጨነቃቸው መሰለኝ፣ ሳሙኤል ዛፉ ትልቅ ነው አለ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ አንድ ጎረምሳ ቆሟል። አላውቀውም፤ እኔ ስወጣ ሕፃን የነበረ ይሆናል። በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ እንግዶች ከሆንን ወደ ባሕሩ የሚወስደው በዚህ በኩል ነው ብሎ በእጁ አመለከተኝ። ስንት ዓመት በሬ የነዳሁበትን መንገድ ነው የሚያሳየኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልሁትና አለፍን።

ዳርቻው ላይ ስንወጣ ሰዎች ጭቃው ውስጥ በረድፍ ቆመው አየን። ወንዱም ሴቱም ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እርስ በርሱ ተራርቆ፣ ከዋርካው ጀምሮ እስከ ቄጠማው ድረስ ተደርድሯል። ሕሊና የጸሎት ሥርዓት ነው እንዴ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

ጸሎት አይደለም። በእኛ መንደር በወረቀት የተመዘገበው የላይኛው ማሳ ነው። ክረምት ባሕሩ የሚውጠውን የታችኛውን መሬት የሚያውቀው ግን ሰው ብቻ ነው። ውኃው ጥቅምት ላይ መሸሽ ሲጀምር ምልክቱ ሁሉ ደለል ለብሶ ይገኛል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ተነሥተው በቃጫ ገመድ እየለኩ ይመጣሉ። ገመዱ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራል፤ በደረቁ ከተጀመረ እየራሰ ስለሚያጥር መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ይጎዳል። ከየቤቱ አንድ ሰው በቦታው ይቆማል። "የማን ነው?" ይባላል። የቆመው ሲመልስ ካስማ ይተከልና ሽምብራ ይዘራበታል። ሰው ያልቆመበትን የግራና የቀኝ ጎረቤት ይካፈሉታል። በዚያ ማንም ቂም አይይዝም።

ይህን እያስረዳኋቸው ዓይኔ ያለ እኔ ፈቃድ የእናቴን ቦታ ፈለገ። ከአያ ታከለ ቀጥሎ፣ ከእማማ ውዴ በፊት ነው። አያ ታከለ ባርኔጣውን ደፍቶ ቆሟል። እማማ ውዴ፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። መካከሉ ባዶ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ እዚያ የምትቆመው እናቴ ነበረች። መጀመሪያ መጀመሪያ የማን ነው ስትባል የአባቴን ስም ትጠራ ነበር። አንድ ዓመት ግን ድንገት "የብርቄ" አለች፤ የራሷን ስም። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ቦታው የብርቄ ሆኖ ቀረ።

ወደ አያ ታከለ ቀረብሁ። እንግዳ መስዬው፣ "እንደምን ዋላችሁ? ከየት ናችሁ?" አለ።

"አያ ታከለ፣ ይርጋ ነኝ። የብርቄ ልጅ።"

ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ብዙ አየኝ። "ምነው እስካሁን?" አለ በመጨረሻ። "ከማለዳ ጀምሮ እናትህን ስወቅሳት ነው የዋልሁ። አንችም ሞተሽ፣ ልጅሽም ጠፍቶ፣ ዘንድሮስ ማን ይቁምልሽ እያልሁ።"

አምናና ካቻምና ማን እንደቆመ ጠየቅሁት። ልጁን ጥሩዬን አቁሟት ነበር። እሷ ዘንድሮ ወደ ሳንጃ ተድራለች። ሚስቱ ጉልበቷን አሟት ከቤት አትወጣም፤ አንድ ሰው ደግሞ ለሁለት ቤት አይቆምም። ቦታው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ግማሹ የሚደርሰው ለእሱ ለራሱ ነው። እሱ ግን ያንን አላነሣውም። "በል ጫማህን አውልቅ" አለኝ። "ሸጋ ጫማ ነው፤ ጭቃው ይበላዋል።"

ጫማዬን ለሕሊና ሰጥቼ ገባሁ። ጭቃው ከላይ ሞቅ ያለ፣ ከሥር ቀዝቃዛ ነው። ያንን ረስቼው ነበር።

የገመዱ አመጣጥ ዝግ ያለ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በካስማ ተጣልተው ሽማግሌዎቹ ወደ ዋርካው ተመለሱና እንደገና ለኩ። ጓደኞቼ መጀመሪያ ፎቶ ሲያነሡ ቆዩ። ከዚያ ጥላ ፈለጉ። ከዚያ ሰዓታቸውን ያዩ ጀመር። ሳሙኤል ጭቃው ጠርዝ ድረስ መጥቶ፣ "አቦ ይርጋ፣ ኮፍያዬን እንጨት ላይ እንስቀልልህና እንሂድ" አለ።

እማማ ውዴ ጃንጥላዋን ሳታነሣ፣ "ኮፍያው የማን ነህ ሲሉት ይናገራል?" አለችው።

የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ሳሙኤልም ሳቀ። ገመዱ ግን ገና ሩቅ ነበር፤ ሹፌሩም ከላይ ከመኪናው ሆኖ ጡሩምባውን ይነፋ ጀመር።

ሳሙኤል ሁለተኛ ሲመጣ ቀልዱን ትቶታል። ሰውየው አልጠብቅም ብሏል፤ የእነሱም በረራ ነገ ጠዋት ነው። "ና እንሂድ፤ ሌላ ጊዜ ትመጣለህ" አለኝ።

ሌላ ጊዜ የሚባል አልነበረም። ካስማው የሚተከለው በዚያ ቀን ነው። ይህን እንዴት ባጭሩ እንደምነግረው አላወቅሁም። "ሂዱ" አልሁት። የመጣልኝን ሰው ሂድ ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም፤ የሚመጣልኝ ጥቂት ነው።

ሕሊና ጫማዬን ደረቅ ሣር ላይ አስቀመጠች። እግሬን አየች፤ ከዚያ ከጀርባዬ የፈረሰውን ቤታችንን። "እዚህ ማን አለህ ታዲያ?" አለችኝ። "የት ልታድር ነው?"

አያ ታከለ ዞር እንኳ ሳይል፣ "እኔ ቤት" አለ።

ሄዱ። ሚኒባሱ ወፍጮ ቤቱን እስኪያልፍ በዓይኔ ተከተልሁት። አቧራው ቀስ ብሎ ወረደ። ምሳ ሳይበሉ መሄዳቸው ትዝ አለኝ። ክፍሌ ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀመጥኋቸው ሁለቱ ወንበሮችም ትዝ አሉኝ። ዓመት የጠበቅኋቸውን ሰዎች ሸኝቼ፣ የማላውቀው ሰው በሚበዛበት ረድፍ ውስጥ ባዶ እግሬን ቆሜያለሁ። እንደዚያ ሰዓት ብቸኝነት የተሰማኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ገመዱ አያ ታከለን አልፎ እኔ ጋ ሲደርስ ፀሐይዋ ወደ ውኃው አዘንብላለች። ገመድ የያዘው ሽማግሌ አላወቀኝም። "የማን ነው?" አለ።

የእናቴን ስም ከቀብሯ ወዲህ፣ ቅድም ለአያ ታከለ ካልሁት በቀር፣ ድምፄን አውጥቼ ጠርቼው አላውቅም። ማራኪ ላይ ማን ይጠይቀኛል? "የብርቄ" አልሁ።

"አልተሰማም" አለ ሽማግሌው።

"የብርቄ ነው" አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

ረድፉ ውስጥ ብዙ ራስ ዞረ። ወዲያ ማዶ አንዲት ሴት፣ ብርቄ ሰው አላት እንዴ ስትል ሰማሁ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝና ወደ ኋላው ላሉት፣ "የብርቄ ነው" ብሎ አስተላለፈ። ካስማው ተመታ። ገመዱ ወደ እማማ ውዴ አለፈ።

ያን ምሽት አያ ታከለ ቤት አደርሁ። ጠዋት ከተማ ስደርስ አውሮፕላኑ ተነሥቷል። ሳሙኤል ሲሳፈር ይቅርታ ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ ምንም አይደለም ብዬ መለስሁለት። ወንበሮቹን ለአከራዬ መለስሁ። እንግዶችህ ደስ አላቸው ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኋት።

መሬቱን አያ ታከለ፣ ምርቱን ለሁለት ልንካፈል፣ በእኩል ዘራልኝ። ጥር ላይ በሰው እጅ አንድ ሸክም እሸት ሽምብራ ላከልኝ። ለብቻዬ የማልጨርሰው ስለነበር ሱቅ ለሚመጡት ተማሪዎች አደልሁት። ከየት ነው ሲሉኝ ከአገሬ አልኋቸው።

መጪው ጥቅምት ሲደርስ መንገዱ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ክፍት ከሆነ እሄዳለሁ። ዝግ ከሆነ አያ ታከለ ማንን እንደሚያቆም አላውቅም፤ ይህ አሁንም ያሳስበኛል።

ፎቶዋን የላከችልኝ ሕሊና ናት። መኪናው ከፍታው ላይ ሲወጣ በኋላው መስኮት ያነሣቻት ናት። ባሕሩ ይታያል፣ እንቦጩ ይታያል፣ በዳርቻው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ጥቃቅን ሆነው እንደ ካስማ ይታያሉ። ፎቶዋ በደረሰችኝ ቀን ራሴን ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ ርቀት ሁሉም ሰው የጭቃው ቀለም ነው ያለው።

ከዋርካው ጀምሬ እንደ ገመዱ ሄድሁ። አያ ታከለን በባርኔጣው ለየሁት። እማማ ውዴን በጃንጥላዋ። በመካከላቸው የቆመው እኔ ነኝ።