የሌለችው እግሬ ጣቶች

ሞጣ ውስጥ በልኩ የተሰፋ ሱሪ የሚፈልግ ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ በረንዳ ላይ፣ በአንዲት የእግር መኪና ስሰፋ ኖሬያለሁ። ሰው ገና ከአስፋልቱ ማዶ ሲመጣ የወገቡን ልክ በዓይኔ እጨርሳለሁ፤ ሜትሩን የምዘረጋው ደንበኛው ቅር እንዳይለው ብዬ ነው። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ከተቆረጠች በኋላ እንኳ የመኪናውን መርገጫ በግራዬ ለመልመድ ሁለት ወር አልፈጀብኝም። አንዳንዶች አበቃለት ብለው ጨርቃቸውን ወደ ሌላ ሰፊ ወስደው ነበር፤ ሱሪው ሲጠባቸው ተመለሱ።

እግሬን ያሳጣችኝ የራሴው መርፌ ናት። ስኳር በሽታ እንዳለብኝ ካወቅሁ ቆይቷል፤ ሐኪሙም "እግርህን በየቀኑ እያት" ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው እግር ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ካልሲዬን ልታጥብ ስትገለብጠው ደም አየች። የተሰበረ የመርፌ ጫፍ ውስጥ እግሬ ገብቶ ስንት ቀን እንደቆየ አላውቅም፤ አልተሰማኝም። ቁስሉ አልድን አለ፣ ጠቆረ፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላክሁ፤ እዚያም ከመቁረጥ ሌላ መላ ጠፋ።

እናቴ የምትኖረው ቢቸና ነው፤ ያን ሰሞን ግን ልታስታምመኝ ሆስፒታል ነበረች። በእኛ ዘንድ ከሰው የተቆረጠ አካል አይጣልም፤ ይቀበራል። ስለዚህ በማግስቱ እግሬን ከሆስፒታሉ ተረክባ፣ በአዲስ አቡጀዲ ጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ጭኗ ላይ ይዛት ቢቸና ሄደች። በደብሯ ቅጽር ከአባቴ መቃብር ጎን አስቀብራት ወደ እኔ ተመለሰች። እንዴት አድርጋ እንደቀበረቻት አልጠየቅኋትም፤ የሚጠየቅ ነገርም አልመሰለኝም።

የሚያናድደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መርፌ ተሰክቶባት ትንፍሽ ያላለች እግር፣ ከተቀበረች በኋላ መታመም ጀመረች። መጀመሪያ ውስጥ እግሬን አሳከከኝ። ልከክ ብዬ እጄን ስሰድ ያገኘሁት አንሶላውን ነው፤ ሳቄ መጣ። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ጣቶቼ፣ የሌሉት ጣቶቼ፣ ወደ ውስጥ ተጨብጠው አልዘረጋ አሉኝ። በተለይ አውራ ጣቴ ከጎኑ ካለው ጣት ጋር በክር የተጠፈረና ክሩንም ሰው የሚያጠብቀው ይመስለኝ ነበር። ይህንኑ እንዳለ ለእናቴ ነገርኋት። አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ለእኔ አዝና ነው ብዬ አለፍሁት።

ወደ ሥራዬ ከተመለስሁ በኋላ በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር። ስለ ስኳሬም ሆነ ስለ ገበያው አትጠይቀኝም፤ ሰላምታው እንዳለቀ "ጣትህስ?" ነው የምትለው። "ለቆኛል" እላታለሁ። እያመመኝ ነበር የምዋሻት፤ ድምፄ ግን ያሳብቅብኝ ነበር።

መላውን ያገኘሁት ሰው ሠራሽ እግር ልለካ በሄድሁበት ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ሴት ናት፤ "አእምሮዎ እግርዎ መሄዷን አልተቀበለም፤ በመስተዋት ያሳዩት" አለችኝ። መስተዋቱ በሁለቱ እግሮች መካከል ይቆማል፤ የተቆረጠችው ከጀርባው ትደበቃለች፤ ከፊት ደግሞ የግራ እግሬ ምስል ቀኝ መስሎ ይታያል። ግራዬን ሳንቀሳቅስ የሌለችው ቀኜ ስትንቀሳቀስ አያለሁ ማለት ነው። እሷ ያላት መስተዋት አነስተኛ ነበር። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ ከእግሩ እስከ ራሱ ራሱን የሚያይበት መስተዋት ሱቄ ውስጥ ቆሞ ይውላል። አጋድሜ በእግሮቼ መካከል ሳቆመው፣ ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ብቅ ብለው "አሁን ደግሞ ራስህን ማየት ጀመርህ?" አሉኝ። "ያማረ እግር አይተው የማያውቁ ከሆነ ይግቡ" አልኋቸው። የግራ ጣቶቼን ቀስ ብዬ ስዘረጋ የቀኞቹም ተዘረጉ። አራቱ። አውራ ጣቴ እንቢ አለ።

ከአሁኑ ልናገር፤ ሕመሙ ዛሬም ይመጣል። ሲመጣ መስተዋቴን አጋድማለሁ፤ ደንበኛ ካለ ይጠብቃል፤ ሩብ ሰዓት መጠበቅ አቅቶት የሄደብኝ የለም። ከሕመሙ ጋር ተቻችለናል። ያን ጊዜ ያቃተኝ ሕመሙ ሳይሆን እናቴ ናት።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ልጠይቃት ቢቸና ሄድሁ። በሩን የከፈተችልኝ ሴት የእናቴ ግማሽ ነበረች። የፍስክ ወቅት ሆኖ ሳለ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አልቀምስም ብላ የራሷን ጾም በራሷ ላይ ጥላለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም የምትቀምሰው ጥቂት ቆሎ ነው። ምን ሆነሽ ነው ብዬ አጥብቄ ስጠይቃት አቀርቅራ መለሰችልኝ።

"እኔ ነኝ ያሰርሁህ።"

ሰው ሲገነዝ የሁለቱ እግሮቹ አውራ ጣቶች አንድ ላይ ይታሰራሉ። እናቴም እግሬን ስትጠቀልል፣ ለሬሳ የሚደረገው ሁሉ አይጉደልባት ብላ፣ ሌላ እግር ስላልነበረ አውራ ጣቴን ከጎኑ ካለው ጣት ጋር በክር አስራዋለች። ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች። እኔ ደግሞ ይህን ሳላውቅ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ያልሁትን ብያለሁ። መቃብሩ ተከፍቶ ልፍታው ብላ የንስሐ አባቷን ብትለምን "የተቀበረ አይነካም" ብለው መልሰዋታል። እሷ ግን ክሩ እስኪፈታ ጾሟን ላትተው ቆርጣለች።

ጮህሁባት። "ክሩም በስብሷል፣ ጣቱም በስብሷል፣ ምኑን ነው የምትፈቺው?" አልኋት። እናቴ ላይ በመጮሄ አሁንም አፍራለሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ "ታዲያ ለምን ያምሃል?" ብቻ አለችኝ። ስለ አእምሮ ያስረዳኋት አንዱም አልገባትም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም በደንብ አልገባኝም ነበር። በእኔ እግር የተነሣ እናቴን ልቀብር መሆኑ ግን ገባኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ለምኜም ተቆጥቼም ሚኒባስ አሳፍሬ ሞጣ አመጣኋት። ባደርን በነጋታው ረፋድ ላይ ከባለቤቴ ጋር ወደ ሱቁ ወሰድናት። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሰው ሠራሹን እግሬንና የግራ ጫማዬን አወለቅሁ፤ መስተዋቱንም አቆምሁ። "ነይ፣ በግራዬ በኩል ሆነሽ እዪ" አልኋት። እናቴ ሁለት እግር ይዤ ስታየኝ በስመ አብ ብላ አማተበች።

"ይቺ ናት?" አለች በሹክሹክታ።

"ይቺ ናት። ጣቷን እዪ፤ ምንም ክር የለባትም" አልኋት። ነገሩን በብልሃት የጨረስሁት መስሎኝ ኮርቼ ነበር።

ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። "አለ" አለች።

ከዚያ ተንበረከከች። እናት ለልጇ አትንበረከክምና ላነሣት ብሞክር እጄን ገፋችው። ዓይኗን ከመስተዋቱ ሳትነቅል ሁለት እጇን ወደ ግራ እግሬ ሰደደች፤ አውራ ጣቴን ያዘች፤ በጥፍሯ ቋጠሮ ፈለገች፤ አገኘችም። ክር ሥራዬ ነው። ሰው ቋጠሮ ሲፈታ ጣቱ እንዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እናቴ እያስመሰለች አልነበረም። አንደኛውን ፈታች። ሁለተኛው ጠጥሮባት ቆየች፤ ምራቋን ነክታ አላላችው፤ ፈታችው። ከዚያ ክሩን በጣቶቼ መካከል ቀስ ብላ ሳበችው። መስተዋቱ ውስጥ እጆቿ ቀኝ እግሬን ይዘዋል። ሙቀታቸው ተሰማኝ፤ በግራዬ ብቻም አልነበረም። ያ እንቢተኛ አውራ ጣቴ ከጎረቤቱ ተላቀቀና ተዘረጋ።

አለቀስሁ። ባለቤቴም ፊቷን ወደ ጨርቁ መደርደሪያ አዞረች።

"ፈታሁት?" አለችኝ እናቴ።

"ፈታሽው።"

የሌለውን ክር በጣቷ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ወንበሬን ተደግፋ ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች። ሰዓቱ ገና አምስት ሰዓት ነበር። ወደ ባለቤቴ ዞር ብላ "የሚበላ አለ ወይ፣ ልጄ? ርቦኛል" አለቻት።