የጃንዋሪ አንድ ተወላጆች

ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤቴ ቤት ለቤት ለሚዞሩ ተንከባካቢዎች ሶፍትዌር ይሠራል። የትኛዋ ነርስ ስንት ሰዓት የማንን በር እንደምታንኳኳ የሚወስነው እሱ ነው። የተጻፈበት ኮድ ግን ያስጠላል። በየቦታው «ጊዜያዊ» የሚል ማስታወሻ አለ፤ የጻፉት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል፣ ጊዜያዊው ግን እንደ ተተከለ ነው።

እናጽዳው ባልኩ ቁጥር አለቃዬ ስብሰባ ይጠራል። እዚህ አገር ሁሉም ሳይስማማ ወንበር እንኳን ከቦታው አይነሳም። ባለቀለም ወረቀት ይለጠፋል፣ እያንዳንዱ የተሰማውን ይናገራል፣ በመጨረሻ የሚሠራ ነገር አይነካም ተባብለን እንለያያለን። አንዴ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረጎምኩላቸው። በጣም ወደዱት፤ አንዱ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። በዚያው ቀረ።

ስኪልደርስዋይክ በሚባለው ሰፈር በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። እግራቸው ስለሚያብጥ ጠዋት ጠዋት ነርስ እየመጣች ጠባቡን የሕክምና ካልሲ ታጠልቅላቸው ነበር። እሳቸው ጎንበስ ማለት አይችሉም። በድንገት ነርሷ ቀረች።

ኮዱን ስፈትሽ አንድ ደንብ አገኘሁ፦ በአንድ ሰፈር የቤተሰብ ስማቸውና የልደት ቀናቸው የገጠመ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱ ይሰረዝ። ይህን ደንብ የጻፈው ሊቅ ስደተኛ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። የእኛ የቤተሰብ ስም የአባት ስም ነው። ልደቱን በፈረንጅ ቀን የማያውቅ ሁሉ ደግሞ መጠለያ ሲገባ ጃንዋሪ አንድ ተብሎ ተጽፎለታል። ሰፈሩ በጃንዋሪ አንድ ተወላጆች የተሞላ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሌላ አሮጊት በአባት ስምም በልደት ዓመትም ከእሳቸው ጋር ገጠሙ፤ የእኛዋ ተሰረዙ።

አሁንስ ይገባዋል ብዬ በስብሰባው ላይ ለአለቃዬ ነገርኩት። ጽዳቱ ከበጋው ዕረፍት በኋላ ይታያል አለ። እስከዚያው «ሴትዮዋ ልደታቸውን አንድ ቀን ወደፊት ቢያዛውሩስ? ጠይቃቸው» አለኝ። ሁሉም በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ተንበርክኬ ካልሲውን እየጎተትኩ መልእክቱን እያፈርኩ ነገርኳቸው።

«ቀኑን የሰጡኝ እነሱ ናቸው፣ ይውሰዱት» አሉ። ቁልቁል አዩኝ። «አንተ ግን፣ ልጄ፣ እዚያ ቤት ሥራህ ምንድን ነው?»

ሰኞ ጠዋት ስብሰባው ሳይጀመር ደንቡን ከሥሩ ነቀልኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም።