የማማው ፈርዖን

ማሽላ እሸት ይዞ ግሪሳ ሲወርድ፣ ከሩቅ የወንጭፍ ጩኸት ከሰማሁ ዛሬም ቀና እላለሁ። ወንድሜ ሞላ ያለ ይመስለኛል።

በደርግ ጊዜ፣ እኔ ገና ልጅ ሆኜ፣ ከቆቦ ዳር ባለው ማሳችን ወፍ የምንጠብቀው እኔና እሱ ነበርን። እሱ ዘጠነኛ ክፍል ነበር፤ እኔ ሦስተኛ። ፀሐይ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ሳትል እንደርሳለን። አገዳው ጤዛ ይዞ ልብሳችንን ያረጥበዋል። ሞላ ማማው ላይ ይወጣል፤ እኔ ከታች የወንጭፍ ድንጋይ እየለቀምኩ አቀብለዋለሁ።

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ጥንቶቹ ግብፆች ከተማረ ወዲያ ማማው ዙፋን ሆነ። ወፉ ፋታ ሲሰጠን ከላይ ሆኖ ያስተምረኛል። ከሁሉ በላይ ፈርዖን ነው፤ ሕዝቡ እንደ አምላክ ያየዋል። ከሥሩ ካህናቱ፣ ከዚያ ጸሐፊዎቹና ወታደሮቹ፣ ከዚያ የእጅ ባለሙያዎቹ። ታች ገበሬው። የዓባይ ጎርፍ ማሳውን ሲሸፍንበት ገበሬው ለንጉሡ መቃብር ድንጋይ ይጎትታል።

«እኔስ ምንድን ነኝ?» አልኩት።

«አንተማ ገበሬ ነህ። ድንጋይ አምጣ!»

«አንተ ደግሞ ፊውዳል ነህ። ለቀበሌ ነው የምናገርብህ!»

ሳቁ ማማውን አነቃነቀው። «ቀስ በል እንጂ አንተ ጭቁን! ለከርሞ ቁመትህ ሲደርስ ትነግሣለህ። ያኔ ድንጋይ አቀባዩ እኔ ነኝ» አለኝ።

ለከርሞ። ያቺን ቃል ይዤ ከረምኩ።

ዓመቱ ዞሮ፣ ማሽላው ሳያሽት፣ ሞላን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ማማው ላይ ወጣሁ። ከላይ ሲታይ ማሳው ሰፊ ነው፤ አስፋልቱ ወደ ሮቢት ሲሄድ ይታያል። ግን ድንጋይ የሚያቀብለኝ አልነበረም። ድንጋዬ ሲያልቅ እወርዳለሁ፣ ለቅሜ እወጣለሁ። እስከዚያ ወፉ ይበላል። ንጉሡም ገበሬውም እኔው ነበርኩ።

መርዶው በሚቀጥለው ዓመት ጎህ ሲቀድ መጣ። አስከሬን አልነበረም። እንደ አገራችን ወግ ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ተለቀሰ፤ ለትምህርት ቤት የሚለብሰው ኮት ከሁሉ በላይ። እኔ ሌላ ነገር አሰብኩ። ሞላ ነግሮኛል፤ ግብፆች ንጉሣቸው ሲሞት በወዲያኛው ዓለም እንዳይቸገር ምግቡንና ዕቃውን አብረው ይቀብሩለታል። ሰው ወጣ ሲል የተጠበሰ እሸትና የወንጭፍ ድንጋይ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

ከአርባው በኋላ እማዬ ልብሱን ለነዳያን ልትሰጥ ስታጣጥፍ አገኘችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የሞላ ነው። እዚያ ድንጋይ የሚያቀብለው የለም።»

አልተቆጣችም። «እኛ እንዲህ አይደለም የምንቀብር፣ ልጄ» አለች። ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «እሸት ግን ይወድ ነበር» አለች። ሌላውን ልብስ ሁሉ ሰጠች። ኮቱን አልሰጠችም።

ዛሬ የፈርዖኖቹን መቃብር በቴሌቪዥን አያለሁ። ስማቸው ግድግዳው ላይ ተቀርጿል፤ ያን ያህል ዘመን አልፎም ሰው እየሄደ ይጎበኛቸዋል። የሞላን መቃብር የሚያውቅ ግን የለም። እሱ ከነገረኝ የግብፆች የማዕረግ ተርታ የትኛው ላይ እንደሞተ አስባለሁ። ወታደሮቹ ከገበሬው በላይ ነበሩ። እሱ ግን ድንጋይ ጎታቾቹ ጋ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ማማው ላይ የሚወጣው ልጄ ነው። እኔ ከታች ሆኜ ድንጋይ እለቅማለሁ።

«አባዬ፣ በዛ እኮ!» ይለኛል።

ለሁለት ሰው እንደምለቅም አልነገርኩትም።