ከውሃው ጉድጓድ ጎን ያለው ግድግዳ

ግድግዳው መበላቱን ያወቅሁት በእግሬ ነው። ከጓዳው ጀርባ ባልዲ ላነሳ ጎንበስ ስል ሳላስበው ነካ አደረግሁት፤ ጭቃው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረና እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ገባ። ስስበው ምስጥ ይዞ ወጣ። ቋሚዎቹ ከውጭ ሲያዩአቸው እንጨት ናቸው፤ ውስጣቸው ባዶ ነበር። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፣ ቤቱን የያዘው ጭቃው ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሌላ ግድግዳ ቢሆን እንዲህ ባልደነገጥኩ። የጣሪያው ጠርዝ ያረፈው ግን እዚህኛው ላይ ነው። ጠርዙ ላይ አሸንዳው አለ፤ አሸንዳው ዝናቡን ሰብስቦ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወደተቆፈረው የውሃ ጉድጓዳችን ይጨምረዋል። በጋውን የምንጠጣው ያንን ነው። ግድግዳው ከወደቀ አሸንዳው ይወድቃል፣ ዝናቡ መንገድ ለመንገድ ይፈስሳል፣ እኛም በነገሌ ፀሐይ ጄሪካን ይዘን የቦኖ ውሃ ስንሰለፍ እንከርማለን። የበልጉ ዝናብ ሊጀምር የቀረው አንድ ወር ቢሆን ነው።

እናቴ ቀዳዳውን አየችና «በይ እንግዲህ፣ አሥራ ሁለተኛ የጨረስሽው አንቺ ነሽ። በምን እንደሚሠራ አንቺው ወስኚ» አለችኝ። ተልተሌ ጤና ጣቢያ የሚሠራው አባቴ፣ ስልኩ እንደ ምንም ሲገኝ፣ «ጥድ! ምስጥ የማይደፍረው እሱ ነው፤ ከጥድ ሌላ እንዳትነኪ!» ብሎ ስልኩ ተቋረጠ። ለሥራው የጠራነው ግንበኛ ደግሞ «ጥድ ድሮ ቀረ፤ ብሎኬት አድርጊና ተገላገይ» አለኝ። ብሎኬቱ ከጭቃው ቤት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ስጠይቀው ጭንቅላቱን አከከ።

«በእግዜር ፈቃድ ይያያዛል።»

እኔ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ውስጥ ነበርኩ። «አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ» የሚል መፈክር በእጄ ጽፌ የክፍላችን በር ላይ ለጥፌአለሁ። ጥዱ እንዴት እንደሳሳ ደግሞ ከከተማው ትንሽ ወጣ ያለ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ጥድ አልገዛም አልኩ። ከቦሬ በአይሱዙ የሚመጣው ባህር ዛፍ ይሻላል፤ ሊቆረጥ የተተከለ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። በራሴ ኮራሁ።

«ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ወታደር!» አለችኝ እንጨት ተራ ያለችው ሻጭ።

«ምስጥስ?»

«ምስጥማ ይበላዋላ! የተቃጠለ ዘይት ቀቢው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ሁሉም ሰው ካደረገው ትክክል ነው ብዬ ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጄሪካን አመጣሁ። ግንበኛው ጣሪያውን በድጋፍ አቁሞ፣ አሮጌውን ቋሚ ነቅሎ፣ ለአዲሶቹ ቀዳዳ ቆፈረ። እኔ የእንጨቶቹን እግር በዘይቱ አራስኩ። ያ ያነሰ መሰለኝና ቀዳዳው ውስጥም አፈሰስኩ። ሁለት ጨርሼ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጎረቤታችን ሽማግሌ ገቡ። ቦረና ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ አካኮ ነው የሚላቸው፣ አያቴ እንደማለት።

«አካም ኢንታላ? ናጋ?» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ሰላም ነው ሲሉ።

«ናጋ አካኮ። ይግቡ።»

በዱላቸው መጀመሪያ ቀዳዳውን ጠቆሙ፤ ቀጥለው የውሃውን ጉድጓድ። «ምንድን ነው የምታጠጪው?»

«ምስጡ እንዲሞት ነው አካኮ።»

«ምስጡ ይሙት። ከዚያ ጉድጓድ የሚጠጣው ግን ምስጡ ነው ወይስ እናንተ?»

ግንበኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የውሃው ጉድጓድ በሲሚንቶ የተለሰነ ቢሆንም በግድግዳው በኩል ተሰንጥቋል፤ ባለፈው በጋ ውስጡ ገብቼ ስጠርግ ስንጥቁን በእጄ ዳስሼዋለሁ።

«አውጪው» አሉኝ።

ጥቁሩን አፈር በአካፋ ዛቅሁ። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ወጣ። የት ልድፋው? ወደ መንገድ ስጎትተው የጎን ጎረቤታችን «በደጄ እንዳታሳልፊው፣ ዶሮ አለኝ!» አለች። ቦዩ ውስጥ እንዳልደፋው ቦዩ የሚወርደው ፍየሎች ወደሚጠጡበት ኩሬ ነው። «ቅበሪው» አለ ግንበኛው። ታዲያ ከየት አወጣሁት፣ ከመሬት አይደለም እንዴ? ማዳበሪያዎቹ አፋቸው ታስሮ፣ ቆርቆሮ ለብሰው፣ ዛሬም አጥሩ ጥግ አሉ። የት እንደሚወሰዱ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ያን ቀን በትልቅ ሰው ላይ ጮህኩ።

«ታዲያ ምን ላድርግ አካኮ? ጥድ ቁረጪ ነው የሚሉኝ? ጫካው አለቀ እኮ!»

አልተቆጡም። «ይሄ ባህር ዛፍ ያለ ዘይት ስንት በጋ ይቆምልሻል?»

«ሁለት። ቢበዛ ሦስት።»

«ጥዱስ?»

«እሱማ የልጅ ልጅ ያያል።»

«አንዴ ቆርጦ የሚያርፍና በየሦስት ዓመቱ የሚቆርጥ፣ ዛፍ የሚወድ የትኛው ነው?»

ክበባችን ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀን የለም። ያን መፈክር ዛሬ ጻፊ ቢሉኝ ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

«ይቆረጥ ነው የሚሉት ታዲያ?»

«አላልኩም። የተቆረጠ አለ ነው የምለው» አሉና በዱላቸው ከመንገዱ ማዶ አሳዩኝ።

ማዶ ያለችው ነጋዴ አሮጌ ቤቷን አፍርሳ በብሎኬት እያሠራች ነበር። የፈረሰው ቤት ቋሚ ለማገዶ ሊሸጥ ደጇ ላይ ተከምሯል። በየቀኑ አልፌው እሄዳለሁ፤ ግራጫ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ሚስማር የበዛበት ክምር ነው። ግንበኛው አንዱን በመጥረቢያ ላጥ ሲያደርገው ውስጡ ቀይ ሆነ፤ ሽታው ትናንት የተቆረጠ ጥድ ነው።

«ለምንሽ ነው?» አለች ነጋዴዋ።

«ለግድግዳ።»

«ውይ! የቤቴን ሬሳ ለቤትሽ?»

«ያንቺ ቤት ሬሳ ከኛ ቤት ቋሚ ይሻላል እትዬ።»

«አፏን እዩልኝ! ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ባል አታገኝም» አለች፤ ጠንካራ ጠንካራውን ግን ራሷ መረጠችልኝ።

ቤቷ ዝቅ ያለ ስለነበር በባህር ዛፉ ፈንታ ያመጣናቸው ቋሚዎች አንድ ክንድ ያህል አጠሩን። ግንበኛው ምንም ብሎ ሳያውቅ «አላልኩሽም?» አለኝ። ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ሠርተን በላዩ አቆምናቸው። ምስጡ ከመጣ ድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገዱን እየሠራ ስለሚወጣ እናየዋለን። ግድግዳውን በሲሚንቶ ልለስነው ስል ግንበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረባ ነገር ተናገረ፦ «ጭቃ ላይ ሲሚንቶ አይዝም፤ እንደ ሳህን ተላቅቆ ነው የሚወርደው።» ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠን አቦካንና ግድግዳውን መረግነው፤ መጨረሻ ላይ እበት ቀባነው።

ዝናቡ መጣ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። አሸንዳው እያጓራ ጉድጓዱን መሙላት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ባልዲ አውርዳ ቀዳችና ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ሁለታችን አጎንብሰን ዘይት ፈለግን። አለ ሲሉት አለ፣ የለም ሲሉት የለም።

«ያ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?»

«የሰማዩ ብርሃን ይሆናል።»

«ይሆናል ነው፣ ወይስ ነው?»

«አላውቅም እማ።»

«ታዲያ ምን ተማርሽ?» አለችና ኩባያ አነሳች። ቀምቻት እኔ ጠጣሁ። ቆርቆሮ ቆርቆሮ፣ አቧራ አቧራ ይላል፣ እንደ ሁልጊዜው። ከሥሩ ሌላ ነገር ያለ መሰለኝ፤ ዘይቱ ይሁን ፍርሃቴ መለየት አልቻልኩም። እናቴ ፊቴን ታያለች።

«ይሄንን ለልብስ ማጠቢያ እናድርገው» አልኩ።

«እስከ መቼ?»

«እንጃ። ሌላ ዝናብ እስኪያጥበው።»

ባዶ ጄሪካን አነሳሁና ወደ ቦኖው ሰልፍ ሄድኩ።