አማካዩ የዋጠው ቃል

ባለቤቴ ቃል መዛኝ ነው። አትሳቁ፣ ደሞዝ ይከፈልበታል! ሆድ የባሳቸው ሰዎች በስልክ መልእክት የሚጽፉለት የምክር ድርጅት አለ፤ እዚያ መልእክት የሚለይ ማሽን ያስተምራል። አንዱ መልእክት ቁጣም፣ ፍርሃትም፣ ብቸኝነትም፣ ተስፋ መቁረጥም ሊባል ይችላል፤ ብዙ ምልክት ባንዴ። የእሱ ሥራ የትኛው ቃል ማሽኑን ይበልጥ እንደሚጠቅመው በደረጃ አስቀምጦ የታችኞቹን መጣል ነው። ቤት ሲገባ ግን ከአፉ ቃል የሚወጣው በስንት መከራ ነው። በአባቱ ወጥቶ ነው።

እናቱ ካረፉ ወዲህ አባባ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባሌ በየቀኑ ይደውልላቸዋል።

"አባባ፣ እንዴት ዋሉ?"

"አለሁ።"

አለቀ፣ ስልኩ ተዘጋ። "እስቲ ሄደህ እያቸው" ስለው፣ "ደህና ናቸው'ኮ፣ አሁን አወራኋቸው" ይለኛል። ይሄም ማውራት ሆኖ!

አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተደፋ ሻይ ላቀብለው ጠጋ ስል፣ ከሚጣሉት ቃላት መሃል "አለሁ"ን አየሁት።

"ይሄ ደግሞ ምን በደለህ?"

"ሁሉም ሰው የሚለው ቃል ነው። በየምልክቱ ያገኘውን ነጥብ ደምረን ስናካፍል አማካዩ ከታች ይቀራል።"

"ሳታካፍልስ?" አልኩት፣ ነገር ፍለጋ።

አፌን ሊያስይዘኝ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ከፈተልኝ። ቁጣ ላይ ምንም። ፍርሃት ላይ ምንም። ተስፋ መቁረጥ ላይ ግን "አለሁ" ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ሲካፈል የሌሎቹ ምልክቶች ባዶ ነው ውጦት የነበረው። ደህና ነህ ወይ ሲባሉ "አለሁ" ብቻ ብለው ዝም ያሉ ሰዎች ናቸው እዚያ ያሉት።

የባሌ ፊት አመድ መሰለ። "አንቺ፣ አባባ..." ብሎ ጫማውን እንኳ ሳያስር ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ።

አባባ ቤት ስንደርስ በሩ አልተቆለፈም። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ሸሚዙ ውስጥ አጥንት ብቻ ነው የቀረው። ምድጃው እሳት ካየ ሰንብቷል፣ ድስቱ አቧራ ለብሷል።

"አባባ፣ እኔ ነኝ" አለ ባሌ፣ አጠገባቸው ተንበርክኮ።

ቀስ ብለው ዞሩ። ሲያዩት ዓይናቸው በራ።

"መጣህ? ማን ነገረህ ልጄ?"

ባሌ ምን ይበል፣ ማሽን ነገረኝ ይበላቸው?

"ማንም ይሁን" አሉ እጁን ይዘው፣ "እግዜር ይስጠው።"