ነገ እንነቅለዋለን

ያን ጠዋት እናትየው ነጩን ጨርቅ ከቦርሳዋ ስታወጣ ለምን ዝም አልኩ? 

ኮሌጅ የገባሁት በስደት አገር፣ በአርባ ዓመቴ ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል፣ የመተንፈሻ ማሽን ባለሙያ ሆኜ ስመደብ ገና ጀማሪ ነበርኩ። የደረሰኝ ልጅ ከመዳፌ እምብዛም አይበልጥም ነበር። እናቱ የወሎ ልጅ ናት፤ እዚሁ ፌርፋክስ ከተማ ባልትና ሱቅ ትሠራለች።

የማሽኑን ግፊት ትንሽ በትንሽ ስንቀንስለት ሰነበትን። ሐኪሟ «ነገ ቱቦውን አውጥተን በራሱ ይሞክር» አለች። የስልክ አስተርጓሚው መስመር ስለተቋረጠ ለእናቱ አንቺ ንገሪያት ተባልኩ። ከማሽን ማላቀቅ የሚባልበት የእንግሊዝኛው ቃል ጡት ማስጣልም ማለት ነው፤ ያንን ብል ወተቷን የከለከልናት ይመስላታል። ለቃል ጠንቃቃ ነኝ ባይዋ እኔ ሌላ መረጥኩ።

«ነገ ከማሽኑ እንነቅለዋለን።»

«ነገ? በቃ?»

«አዎ፣ በቃው።»

«እሺ» አለች፣ ሻሿን እያስተካከለች።

በማግስቱ ከባሏ ጋር መጣች። ከቦርሳዋ የወጣው ነጭ ጨርቅ መገነዣ ነበር። ባልየው በስልክ «ዛሬ ነው የሚነቅሉት» ሲል ሰማሁ። ያኔ ገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው ከማሽን ተነቀለ የሚባለው ተስፋ ሲቆረጥበት ነው።

ልንገራት አልኩ። ሐኪሟ ግን ፕላስተሩን መላጥ ጀምራለች። ነግሬያት መተንፈስ ቢያቅተውስ? ሁለቴ ላስለቅሳት? ወይስ ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው?

ቱቦው ወጣ። ደረቱ ወደ ውስጥ ተሰረጎደና ቀረ። ጀርባውን በጣቴ አሸሁት። ምንም። እንደገና አሸሁት። እንደ ድመት ግልገል ሻካራ ድምፅ አሰማ። አፍንጫው ላይ አየር የሚገፋለትን መሣሪያ ገጠምኩለት።

«አልሐምዱሊላህ! ከሞት መለሰልኝ!» እናትየው መሬት ተደፋች። ባልየው እጄን ሊስም ጎነበሰ። እውነቱን ሳልነግራቸው የማሽኑን ቱቦዎች መጠቅለል ጀመርኩ።

ልጁ መዋዕለ ሕፃናት በጀመረ ዓመት ሱቋ ሄጄ ቃሉ የእኔ ስህተት እንደነበር ነገርኳት። ሽሮ እየመዘነች ነበር፤ እጇ ከረጢቱ ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ በልቤ ቀብሬው ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም!» ከረጢቱን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችና፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ስለት ያስገባሁት ላንቺ አማርኛ ነው?»

ልስቅ ስል ዓይኗን አየሁ። እንባ ሞልቶታል። ከኋላዬ ሰዎች ተሰልፈዋል።

«ቀጥሎ» አለች።