የክብሪት ሽታ

ስለ ክብሪት ሽታ መጻፍ ተገቢ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ነገር ግን ትናንት በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ጓደኛዬ ክብሪት ስትጭር ጭሱ አፍንጫዬ ደረሰና በንዴት ከእጇ ነጥቄ አጠፋሁት።

ታላቅ እህቴ የሺ የሚጥል በሽታ ነበረባት። አንድ ቀን ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ ወደቀች። ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል፤ ጭንቅላቷ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ነጠላዬን ላነጥፍላት ስሮጥ አጎቴ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

"አትንኪያት! ለሀጯ ከነካሽ ይጋባብሻል!"

"ይልቀቁኝ ጋሼ! እየደማች እኮ ነው!"

"ዝም በይ አንቺ! ይኼ የሐኪም በሽታ አይደለም። ክብሪት አምጡ!"

ለሐኪም የማይሆን በሽታ ምን ዓይነት እንደሆነ አልገባኝም። አጎቴ ክብሪት ጭረው አፍንጫዋ ሥር ያዙ። ሲጠፋ ሌላ ጫሩ። የሺ ስትነቃ የላይኛው ከንፈሯ ተልጦ ነበር።

"ማነው ያቃጠለኝ?" አለች።

"ማነው ያዳነኝ በይ እንጂ!" አሉ አጎቴ። የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ አመሰገናቸው።

አሁን ስማር እንዳወቅሁት፣ አንጎሏ ውስጥ የተነሳው ሁከት በራሱ ጊዜ የሚበርድ ነበር። ክብሪቱ የሰጣት ጠባሳ ብቻ ነው።

በማግስቱ የሺ ማንንም ሳታስፈቅድ ጤና ጣቢያ ሄዳ ክኒን ጀመረች፤ መውደቁም ቀረ። ይበልጥ የሚያናድደኝ፣ ያ ጤና ጣቢያ ለገበያ ወደ አማኑኤል ከተማ በሄድን ቁጥር በደጃፉ የምናልፈው መሆኑ ነው። ክኒኑ እዚያው ነበር። እኛ ግን ክብሪት ገዝተን እንመለስ ነበር።

በእህቴ አፍንጫ ሥር ለመጨረሻ ጊዜ ክብሪት የተጫረው ያን ጓሮ የወደቀችበት ዕለት፣ ሰኔ 18 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው።